ልጅቷ ጥናቱን ትታ ትምጣ?

ከሮቤ ከተማ የደረሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ስለሆነ ዛሬ በዚሁ ዓምድ እናነሳዋለን። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው ልጃቸው በሶፍ ዑመር የወይብን ወንዝ ከሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ በተለማማጅነት ትሠራለች። «ለሁለተኛ ዲግሪ ከማመልከቷ በፊት ሥራውን ትታ፣ ቤት ገብታ ብታነብ አይሻልም ወይ?» ይላሉ።

እናታችን፣ በቅድሚያ የሥራውን ጠባይ ይመልከቱ። ሶፍ ዑመር 15.1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በአገራችን ከታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ወይብ በውስጡ ያልፋል፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። በበጋ ብቻ ለክታ የሄደች ልጅ በእጇ የሚቀረው ግማሽ መዝገብ ነው። ለዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት ኃላፊም ያየውን እንጂ ያላየውን አይጽፍም። «ታታሪና ጨዋ ናት» የሚል ደብዳቤ ማንም ያገኛል። «የውሃውን ከፍታ ከበጋ እስከ ክረምት ሳታቋርጥ መዝግባ፣ መዝገቡን ለተተኪዋ አስረክባ ሄደች» የሚለው ግን ሚዛን ይደፋል። ስለዚህ ወቅቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ከቀሩት ብትታገሥ ይሻላል እንላለን።

ይህን ስንል በየቢሮው ሻይ በማፍላትና ወረቀት በማባዛት ብቻ ወራት የሚያልፍባቸውን ልጆች አንዘነጋም። (ወንዶቹ ተለማማጆች መለኪያ ይዘው ወደ መስክ ሲወጡ ማለት ነው!) እንዲህ ያለውን ቦታ በቶሎ መልቀቅ ነው። የቀን አበል በሌለበት የጎሮን መንገድ በራሷ ኪስ የምትመላለስም ብትሆን ቤተሰቡ ሊመክርበት ይገባል።

አለቃቀቁም ወግ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ ማስረጃም በነፃ ያገኛል። ተለማማጅ የሆነች ግን የፈረመችውን ውል አውጥታ ታንብብ። ስልክ ዘግቶ መጥፋት ነገ ደብዳቤ የሚለመነውን ሰው ዛሬ ማስቀየም ነው።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቾች ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ስለሚቀመጡ ማንበቡ ግድ ነው። ነገር ግን ወንድ ልጅ «ላነብ ነው» ብሎ ቤት ሲገባ ክፍል ይለቀቅለታል፣ ድምፅም ይቀነስለታል። ሴት ልጅ ስትገባ እንጀራው፣ ልብሱና የታናናሾቿ ነገር ይጠብቃታል። ሠራተኛዋም ብትሰናበት «ልጅቷ አለች» ይባላል። እንግዲህ እናታችን፣ ልጅዎ ሥራውን ትታ ከመምጣቷ በፊት ከባለቤትዎና ከወንዶች ልጆችዎ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ ጧት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ማንም እንደማይጠራት፣ በእነዚያ ሰዓታት ምጣዱን ማን እንደሚያሰማ፣ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ በስም ይወስኑ። ይህ ካልተወሰነ እዚያው ሶፍ ዑመር በፋኖስም ቢሆን ማታ ማታ ብታነብ የተሻለ ጊዜ ታገኛለች።