ኮምፒዩተሩ ከጨረታው በኋላ የት ይገባል?

በጉራጌ ዞን መቀመጫ በወልቂጤም ሆነ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራ፣ ወደ አንድ የሥራ ተቋራጭ ቢሮ ጎራ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተር አያጣም። የፌዴራል መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትን ሥራ ላይ ማዋል በመጀመሩ፣ በዚያ ጨረታ መወዳደር ለሚሻ ተቋራጭ መሣሪያው እንደ ማኅተሙ ሁሉ የግድ ሆኗል። ይሁን እንጂ በየቢሮው ያየናቸው ኮምፒዩተሮች በአመዛኙ የጽሕፈት መኪናን ሥራ የወረሱ ናቸው። ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል፤ የዋጋ ዝርዝር ይደመርባቸዋል። ጨረታው ካለፈ በኋላ ግንባታው የሚመራው በፎርማኑ ደብተርና በግምት ነው። በእኛ እምነት የኮምፒዩተሩ ዋና ጥቅም መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነበር።

አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ 30 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። ሲሞላ ውፍረቱ 17 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም፤ አርማታው ግን በ4 ሜትር ኩብ ጨምሯል። ለአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢገባ፣ 14 ኩንታል ሲሚንቶ ያለ ክፍያ አለቀ ማለት ነው። አሠሪው የሚከፍለው በንድፉ ልክ ነውና ኪሳራው የተቋራጩ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ክብደት 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ምሰሶዎቹ ያልታሰበላቸውን 96 ኩንታል ተሸክመዋል። ምድር ስትንቀጠቀጥ ደግሞ በሕንፃው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሕንፃው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። ቡታጅራ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ደርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተከሰቱትም ንዝረታቸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

የመብራት መቆራረጥና የባለሙያ ደመወዝ ለአነስተኛ ተቋራጭ እውነተኛ ችግሮች መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ቀኑን፣ በንድፉ የተሰላውን አርማታ፣ በሜትር የተለካውንና የወጣውን ሲሚንቶ የሚይዝ ባለ አራት ዓምድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። በየማታው ቢሞላ፣ ስሕተቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳይደገም በመጀመሪያው ይገታል። ሠንጠረዡን ማዘጋጀትም ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ጥሩ የተግባር ልምምድ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እንጨምር። ኮምፒዩተር የተነገረውን ያምናል፤ በግምት የገባ ቁጥር ተውቦ ቢታተምም ያው ግምት ነው። አባቶች «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ሜትሩ ከኪስ ይውጣ።