ስለ ራፕ፣ ከአሮጌውም ከአዲሱም

ራፕ እወዳለሁ ስል የሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼ ፊታቸው ይለዋወጣል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው ከዚህ ልፍለፋ ጋር ምን አወዳጀው ይሉኛል። አንዱማ «ከበሮ የተከተለው ንትርክ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ስሙ ቆንጆ ነው፤ አልተቃወምኩትም። ግን እነርሱ የሚያደንቁት ፉከራስ ምንድን ነው? «ተቀበል!» ሲባል አዝማሪው በዚያው ቅጽበት ቤት መትቶ ሲመልስ የሚያጨበጭብ እጅ፣ ያንኑ ለሚያደርግ የብሮንክስ ልጅ ሲሆን ለምን ይታሰራል?

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ኩል ኸርክ የተባለ ጃማይካ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በእህቱ ድግስ ላይ ሸክላ አጫወተ። ሰው አብዝቶ የሚጨፍርበትን የከበሮ ክፍል ለይቶ፣ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ አስረዘመው። በረዘመው ምት ላይ ሰው ይናገር ጀመር። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

መጀመሪያ ልቤን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የግራንድማስተር ፍላሽና የጓደኞቹ «ዘ ሜሴጅ» ነው። እስከዚያ ራፕ በአመዛኙ የድግስ ማድመቂያ ነበር። የዚህ ዘፈን የመጨረሻ አንጓ ግን አንድን ልጅ «አንተ» እያለ ያነጋግረዋል፤ ከልደቱ ጀምሮ፣ ትምህርት እስከሚያቋርጥበት፣ እስከሚታሰርበት፣ በእስር ክፍሉ ሞቶ እስከሚገኝበት ድረስ። ስለ ድሀ ልጅ የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ግጥሞች አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ ስለ ልጁ ያወራሉ እንጂ ልጁን አያነጋግሩትም። «እሱ» ብሎ የሚጽፍ ገጣሚ በመስኮት ያያል፤ «አንተ» ያለ ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ናስ «ኢልማቲክ»ን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጣ ሃያ ዓመቱ ነበር። (እኔ በሃያ ዓመቴ የጻፍኳቸው ግጥሞች ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ እዚያው ይቆዩ።) ሁሉም ያንን አልበም ያነሣል፤ እኔ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣውን «አይ ጌቭ ዩ ፓወር»ን አስበልጣለሁ። ተራኪው ሽጉጥ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ያየውን ይናገራል፤ ያፍራል፤ ይታክታል፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ቃታውን ሲስብ እምቢ ይላል። እምቢታው ግን ባለቤቱን አስገደለው እንጂ እርሱን አላሳረፈውም፤ ሌላ እጅ ከመሬት ያነሣዋል። በእኛ ሽለላ ውጅግራና ምንሽር ስንት ጊዜ ተሞገሱ! እንደ ሙሽራ ተቆላመጡ፣ እንደ ልጅ ታቀፉ። ምንሽሩ ራሱ አፍ አውጥቶ «ደከመኝ» ያለበትን ሽለላ ግን አልሰማሁም። አንድ ሰው ቢጽፈው፣ በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ቁጭ ብዬ አዳምጠው ነበር።

ኮመን በዚያው በ1994 ስለ አንዲት የልጅነት ፍቅሩ ዘፈነ፤ ሴቲቱ ሂፕ ሆፕ ነበረች። ሰምና ወርቅ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ወርቁን ግን መጨረሻ ላይ ራሱ ፍርጥ አድርጎ ይነግረናል፤ የቅኔ መምህር ቢሰማው ይገሥጸው ነበር።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ የእንጀራዬ ነገር ነውና። ውታንግ ክላን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ «ክሪም» የሚባል ስለ ገንዘብ ሥልጣን የሚናገር ዘፈን አለ። ብዙ ሰው ከገንዘብ ውዳሴ ቆጥሮት አብሮ ይዘላል። ደጋግሞ ላዳመጠው ግን የድህነትና የእስር ትዝታ ነው፤ ጀርባው ያለው ፒያኖ ራሱ ያዘነ ይመስላል። የዛሬዎቹ ዘፋኞች፣ የውጭዎቹም የእኛዎቹም፣ ብር ሲበትኑ ሳይ እጄ ሳያስበው መቁጠር ይጀምራል። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ለወራት አሮጌ ብር ቆጥሬአለሁ። ብር ሽታ አለው፤ የላብ፣ የቅቤ፣ የጭስ። ከፍራሽ ሥር የኖረው ይለያል፣ በመቀነት ተቋጥሮ የመጣው ይለያል። ስለ ብር የሚዘፍን ሁሉ ይህን ሽታ ካላመጣልኝ፣ በቁጥር ብቻ የሚያስደንቀኝ አይምሰለው። በቁጥር ከእኔ ጋር አይፎካከርም።

የአማርኛ ራፕን በተመለከተ ያለኝ ቅሬታ የቤት አመታት ነው። ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ቤት መምታት ርካሽ ሆኗል፤ «-ለሁ»ን በ«-ለሁ»፣ «-ኛል»ን በ«-ኛል» እየገጠሙ ሦስት ደቂቃ መሙላት ይቻላል። ራኪም የተባለው ራፐር እ.ኤ.አ. በ1987 «ፔይድ ኢን ፉል»ን ሲያወጣ ምጣኔውን ከስንኙ መጨረሻ ወደ ስንኙ ሆድ አስገባው። እኛም መንገዱ አልጠፋንም። የወል ቤት በስድስት ስድስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን በአምስት አምስት ቀለም የሚሰበረው፣ መሐል ላይ እንድናርፍና እንድንገጥም አይደለምን? ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» ምቱን ከአገር ቤት ጭፈራ ሲያመጣ አንድ ነገር ገብቶታል። ልጅ ሚካኤልም በልበ ሙሉነቱ ደስ ይለኛል። የምቱ ጉዳይ ተሻሽሏል፤ የቀረው የስንኝ ሥራ ነው። ባዕዳኑ እንኳ ቀድመውናል፤ ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር»ን የሠሩት በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ያንን ዜማ እነርሱ ሲያገኙት እኛ የት ነበርን?

ከአዲሶቹ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ሲንግ አባውት ሚ፣ አይም ዳይንግ ኦፍ ተርስት»ን እመርጣለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይረዝማል። በመጀመሪያው አንጓ ወንድሙ የተገደለበት ወጣት «ብሞት ታሪኬን ተናገርልኝ» ይለዋል፤ ቃሉን ሳይጨርስ በጥይት ድምፅ ይቋረጣል። ይህ ከባድ ነው፤ ግን የምንጠብቀው ዓይነት ከባድ ነው። የገረመኝ ሁለተኛው ነው። ኬንድሪክ በቀደመው አልበሙ ስለ አንዲት የሞተች ሴት ዘፍኖ ነበር። አሁን የሟቿ እህት መጥታ ትቆጣዋለች፤ የእህቴን ገመና አደባባይ ያወጣኸው በማን ፈቃድ ነው፣ የእኔንም እንዳትዘፍነው ትለዋለች። አልጠፋም እያለች፣ ገና እየተናገረች፣ ድምፅዋ እየራቀ እየራቀ ይጠፋል። ገጣሚው ከሳሹን በራሱ ግጥም ውስጥ አስገብቶ፣ ያውም ሙሉ አንጓ ሰጥቶ አናግሯታል።

ይህ ነገር ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። የእነዚህን ዘፈኖች ግጥም አብሮኝ በኢንተርኔት ቤት እያተመ፣ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየፈታ ያስተማረኝ የሰፈሬ ልጅ በ2008 ዓ.ም. በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጣ። በዓመቱ መርዶው መጣ፤ አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ፎቶግራፍ ተዘርግቶ ነው የተለቀሰው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የማላውቀውን ሰው ገለጸች፤ ፈረሰኛ፣ ጀግና፣ የአገር ዋርካ። እርሱ ሲስቅ የሚያስነጥሰው፣ ናስን ከጄይ ዚ ለማስበለጥ ሌሊቱን የሚከራከር ቀጭን ልጅ ነበር። በሠልስቱ ታላቅ እህቱ ወደ ጥግ ጠራችኝ።

«ግጥም ትጽፋለህ አሉ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወንድሜን እንዳታስገባብኝ።»

«እሺ» አልኳት። ግጥሙን አልጻፍኩም። ሙሾው የጀግና ካባ አለበሰው፤ ጋዜጣ ደግሞ እንደ እርሱ ያሉትን በቁጥር ይጠራቸዋል፤ ሁለቱም እህቱን አልጠየቋትም። እኔ ብጽፍ እንኳ፣ በእኛ የሐዘን ግጥም ወግ እንዲህ ያለች እህት የምትቆምበት ስፍራ የት እንደሆነ እየፈለግሁ ነው። ሟች ይወደሳል፣ ገጣሚ ያነባል፤ «ተው» የምትል ሴት ስንኝ ተሰጥቷት አላየሁም።

ኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲወስድ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ላለ ሥራ የመጀመሪያው ነበር። የተሸለመው ባለፈው ዓመት ባወጣው «ዳም» በተሰኘው አልበሙ ነው። ጥሩ አልበም ነው። ለእኔ ቢተዉት ግን ሽልማቱን ለዚያ ለሁለተኛው አንጓ እሰጠው ነበር።