አሮጌውን ላንድሮቨር ከመፍታት በፊት መለካት

አሮጌ መኪናን ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ በብዙዎች ዘንድ የባለሀብት ጨዋታ ወይም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ የተለየ ነው። በግቢ ውስጥ የቆመ አንድ አሮጌ የገጠር መኪና በሥርዓት ከተፈታና በሥርዓት ከተገጠመ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ይሆናል። በግምት ከተፈታና በግምት ከተገጠመ ደግሞ ለባለቤቱ ኪሳራ፣ ለተሳፋሪው አደጋ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የገንዘብ ወይም የመለዋወጫ መኖርና አለመኖር ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከላንድሮቨር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው ይህ እንግሊዛዊ መኪና የብረት ሻንሲ፣ የአሉሚኒየም ቅይጥ አካል፣ ከፊትና ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። ከ1958 ወዲህ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ብዙውን ጊዜ የሚገጠምለት ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 90.47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው። አንባቢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዞ የሞተሩን ይዘት ቢያሰላ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያገኛል። ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት፣ እያንዳንዱ ክፍሉ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ በመሆኑ ለተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያሳስበናል? በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገልጿል። ውሳኔው በአገር ውስጥ ያሉትን የነዳጅ መኪናዎች በአንድ ጀንበር አያጠፋቸውም። እንዲያውም ያሉት ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። ስለዚህ ጥያቄው አሮጌዎቹ መኪናዎች ይጠገናሉ ወይስ አይጠገኑም የሚል ሳይሆን፣ እንዴት ይጠገናሉ የሚል ነው።

የባሕር ጠለል መጽሐፍ፣ የቡሬ ሞተር

ያረጀ ሞተር ሲመረመር የመጀመሪያው ጥያቄ ሲሊንደሮቹ አየርን ምን ያህል አምቀው ይይዛሉ የሚለው ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ የግፊት መለኪያ በየቀዳዳው ተራ በተራ ይያዛል፤ ሞተሩም በሞተሪኖ ይዞራል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ በመለኪያው ላይ የተነበበውን ቁጥር በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር በቀጥታ በማነጻጸር ነው።

ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ፍኖተ ሰላም ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ይገኛሉ። በቡሬ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው የገባለትን አየር በመሆኑ፣ የገባው አየር ከሳሳ የመጨረሻውም ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለአብነት ያህል መጽሐፉ 10 ባር ይጠበቃል ቢል፣ ምንም ጉድለት የሌለበት ሞተር ቡሬ ላይ የሚያሳየው 7.8 ባር ግድም ነው። ይህን ያላገናዘበ ሰው ጤነኛውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ይፈርድበታል፤ ቴስታታው ይነሣል፣ ፋሻው ይቀየራል፣ ገንዘቡም ይባክናል፤ ቁጥሩ ግን ከነበረበት ፈቅ አይልም። ምክንያቱም የጎደለው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከባቢ አየሩ ውስጥ ነው።

በደጋው ምድር ይበልጥ የሚታመነው መስፈርት አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ በእጅጉ ቢያንስ ያ አንዱ ታሟል። የበሽታውን ዓይነት ለመለየት አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ወይም የግድግዳው ነው፤ ካልተለወጠ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹና ወደ ቴስታታው ማሸጊያ ያመራል። አንድ ማንኪያ ዘይት ሞተር ከማውረድ ያድናል ማለት ነው።

ካርቡራተሩም በዚሁ የከፍታ ሕግ ይገዛል። ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ በክብደት ለ1 እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ካርቡራተር ግን አየርን አይመዝንም። አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ መጠን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር በቡሬ ከፍታ ውሁዱን 10 ከመቶ ያህል በነዳጅ ያወፍረዋል። ጥቁር ጢስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና ከልክ ያለፈ የቤንዚን ፍጆታ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ከቡሬ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደግሞ ደጀን ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ሆኖ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ 1,000 ሜትር ግድም ይደርሳል፤ ወዲያው መልሶ ይወጣል። ይህን ጉዞ የሚያደርግ ሞተር በአንድ ቀን ብዙ አየር ንብረት ይተነፍሳል። በከፍታው ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም እንደሚፈላ ስናስብ ደግሞ፣ ግፊት የሚይዘውን የራዲያተር ክዳን በጨርቅ መተካት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

ባሌስትራ መጨመር ጥገና ነውን?

በባሌስትራ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ከሞተሩም የከፋ ነው፤ ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፣ ባሌስትራና ፍሬን ሲበላሹ ግን መኪናው አልቆምም ይላል። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ወይም ጭነት ሲበዛበት የተለመደው መፍትሔ ተጨማሪ ሉሕ መደረብ ነው። ስድስት እኩል ሉሖች ባሉት ባሌስትራ ላይ ሦስት ቢጨመሩ ጥንካሬው በግማሽ ያድጋል። የሉሑ ውፍረት ሲለወጥ ለውጡ ከዚህም ይብሳል፤ ጥንካሬ ከውፍረት ጋር በኩብ ስለሚያድግ፣ 20 ከመቶ ብቻ የወፈረ ሉሕ 73 ከመቶ ይጠነክራል። ነገር ግን ባሌስትራው ስለጠነከረ አክሱሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው አብረው አልጠነከሩም። ቀድሞ ባሌስትራው ይቀበለው የነበረው ምት አሁን ሻንሲው ላይ ያርፋል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል።

ሌላው የተለመደ አሠራር የተኛውን ባሌስትራ በከሰል እሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥ ነው። የባሌስትራ ብረት የመለጠጥና የመመለስ ጠባዩን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በመጠኑ በመሞቁ ነው። እሳት ሲነካው ይህ ጠባይ ይፈርሳል፤ ቅርጹ ይመለሳል እንጂ ባሕርዩ አይመለስም። የአገራችን ቀጥቃጮች ካረጀ ባሌስትራ ቢላዋና ማጭድ ሲሠሩ ብረቱን አግለው ውኃ የሚያጠጡት ይህንኑ ባሕርይ ስለሚያውቁ ነው። የብረቱን ሙቀት በቀለሙ የሚለየው ቀጥቃጭ ቴርሞሜትር ሳይኖረው የብረት ሳይንስን ይሠራል። የጎደለው፣ የእርሱን ዕውቀት ከመጽሐፉ ዕውቀት ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

ተማሪ በግቢው ሊሠራው የሚችል አንድ ሙከራ እነሆ። ባሌስትራው ምንም ሳይሸከም ያለውን ጉብታና መኪናውን ሲሸከም ያለውን ጉብታ በማስመሪያ ይለካ። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመኪናው የተፈጥሮ ውዝዋዜ በሰከንድ 1.6 ጊዜ ግድም መሆን አለበት። ከዚያ ሾክ አብዞርበሩ ተፈትቶ፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነሣ ወደ ታች ተጭኖ ይለቀቅና ውዝዋዜው በሰዓት ይቆጠር። ቁጥሩ ካልገጠመ በሉሖቹ መካከል ያለው ዝገትና ፍትጊያ፣ አለዚያም የተደረበ ሉሕ ምክንያት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ሲገጠም ውዝዋዜው ቶሎ የሚሞተው ጉልበቱ በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረው ውኃም የውድቀት ጉልበቱን ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለውጥ በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ይሞቃል፤ ሕጉ አንድ ነው።

ዕውቀቱ የማን ነው?

የጋራዦቻችንን ቋንቋ ላስተዋለ ሰው ታሪክ ይናገራል። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዕውቀቱ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጌታ ወደ ረዳት የተላለፈ መሆኑን ይመሰክራሉ። መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ በገባበት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ዘይት የነካውን እጅ ከቀለም ትምህርት በታች የማየት ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም።

በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ የተመሠረተው እጅንና አእምሮን ለማገናኘት ነበር። ዛሬም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ከአካባቢው ጋራዥ ጋር ቢቆራኝ፣ ተማሪው መለኪያና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቢሄድ፣ መካኒኩም በድምፅ ብቻ በሽታን የሚለይበትን ዘዴ ቢያስረዳው ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ይለካ፤ የተለካው ይጻፍ፤ ከፍታው ይታሰብ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አሮጌ መኪና አየር ይበክላልና ይወገድ የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ በነዳጅ የወፈረ ውሁድ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛልና። ይሁን እንጂ መኪናው እስካለ ድረስ በልክ የተስተካከለው ካልተስተካከለው ይሻላል። በሌላ በኩል መመለስ የማይገባው መኪናም አለ። አሉሚኒየሙ አካል እያበራ የብረት ሻንሲው ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙም አንዱ የሌላውን መበላት ያፋጥናል። ሻንሲው በመዶሻ ሲመታ የሚደቅቅ ከሆነ፣ ምንም ቢወደድ ሰው ሊጫንበት አይገባም። ይህንንም የሚነግረን ፍቅራችን ሳይሆን መለኪያችን ነው።

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ መኪናዎቻችንን ያረጀው ዘመን ብቻ አይደለም፤ አያያዛችንም ነው። ወጣት አንባቢያን የአያቶቻቸውን ዘመን ላንድሮቨር ግቢ ውስጥ ቆሞ ቢያገኙት፣ ካቻቢቴ ከማንሣታቸው በፊት ማስመሪያና እርሳስ ያንሡ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።