በጆሮ የሚነበብ ልብ ወለድ

«ልብ ወለድ በዐይን ካልተነበበ አልተነበበም፤ ትረካ ማድመጥ የሰነፍ ነው» የሚል አስተያየት በተማረው ወገን ዘንድ ይደመጣል። አባባሉ የመጽሐፍ ፍቅር መስሎ ቢቀርብም ውስጡ ሲፈተሽ ሰፊውን ሕዝብ ከሥነ ጽሑፍ ገበታ የሚያርቅ አጥር ሆኖ ይገኛል።

ቃሉ ራሱ ተከራካሪዎቹን ይረታቸዋል። «ንባብ» የወጣበት የግእዙ «ነበበ» ተናገረ ማለት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም ሕፃን ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን በድምፅ ካልለየ መምህሩ አንብቧል አይሉትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በአሜሪካና በብሪታንያ በሸክላ የተቀዱት መጻሕፍትም በመጀመሪያ የተዘጋጁት ለዐይነ ስውራን ነበር። እነዚያን አድማጮች ሰነፍ ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ከከተማው መደርደሪያ አውጥቶ ፊደል ወዳልቆጠረው ሕዝብ ያደረሰው ግን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የተሰማው የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። የጉዱ ካሳ ምፀትና የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት በአንድ ሰው ጉሮሮ ተለይተው ተሰሙ። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ስለ ጉዱ ካሳ የሚከራከረው ከዚህ የተነሣ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ዘመቻው እስኪደርሰው ድረስ ልብ ወለድ አይገባህም ሊባል ኖሯልን?

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ፣ በቆቦና በዙሪያው ባለው የራያ ቆላ፣ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የወፍ መንጋ ይወርድበታል። ጠባቂው ማማ ላይ ይውላል፤ እጁ ወንጭፍ ይዟል፤ ዐይኑ ከሰማይ አይነቀልም። ለዚህ ሰው መጽሐፍ ገልጠህ አንብብ ማለት አዝመራህን ለወፍ ስጥ ማለት ነው። ሥራ ያልያዘው ጆሮው ብቻ ነው። ይህን ጆሮ ሰነፍ የሚል፣ ማማ ላይ አንድ ቀን ውሎ ይፍረድ!

ይሁን እንጂ የዛሬዎቹ የስልክ ትረካ አዘጋጆችም ከወቀሳ አያመልጡም። ያለ ደራሲው ፈቃድ እየቀዱ የሚያሰራጩ አሉ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ሥራውን የማባዛቱን መብት ለደራሲው ሰጥቷል። ምዕራፍ የሚቆርጡ፣ ዓረፍተ ነገሩን በሙዚቃ የሚያሰጥሙም አሉ። ከሁሉ የከፋው የገበሬው አፍ ነው። ባላገር በተናገረ ቁጥር አንድ ዓይነት የማፌዣ አነጋገር ይሰጡታል፤ የጎጃሙና የራያው ገበሬ አንድ ምላስ የተካፈሉ ይመስል። የራያ አማርኛ የራሱ ዜማና የራሱ ቃላት አሉት። የቆቦ አድማጭ የገዛ አነጋገሩን መሳቂያ ሆኖ ሲሰማው ሬዲዮውን ቢዘጋ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ደግሞም ትረካው በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ከሆነ መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ እንዲህ ያለውን መስመር አይጠብቅም። ስለዚህ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሙሉ ልብ ወለድ ቋሚ ሰዓት ይመልሱ፤ ደራሲውም ይከፈለው። ተራኪም ሲመረጥ የአዲስ አበባ መድረክ ብቻ አይታይ፤ በቆቦ ትምህርት ቤቶች አንደበታቸው የቀና መምህራን ይፈተኑ፣ የራያውን ገበሬ ንግግር የራያ ሰው ያንብበው።