ዙር ቢበዛ ኃይል አይበዛም፦ ስለ ትልቁ የመዳብ ጥቅል የተሰጠ ምላሽ

በገዛ እጁ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊሠራ የተነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ አንድ እምነት ይዞ ይነሣል፤ ሽቦው በረዘመና ዙሩ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይበረታል የሚል። እምነቱ የእሱ ብቻ አይደለም። በሳይንስ አውደ ርዕይ የሚዞር ተመልካችም ጥቅሉ እንስራ ካከለ ቆሞ ያደንቃል፤ ስኒ ካከለ ዐይቶ ያልፋል። «ከአንዲት ባትሪ ይህን ሁሉ የሚያዞር ልጅ ድጋፍ ቢያገኝ አገር ይለውጥ ነበር» የሚለው አስተያየትም ወዲያው ይከተላል። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ለዚህ አባባል ቅርብ ማስረጃ ይገኝለታል፤ ጋፋት። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ ባሠሩበት ምድር ትልቅ ነገር መሥራት ምን ያስገርማል ይባላል።

የኔ ክርክር ባጭሩ ይኸው ነው። ዙር መጨመር ሞተሩን ካለው የኤሌክትሪክ ምንጭ ጋር ያስማማዋል እንጂ ኃይል አይወልድለትም። ለዚህ ዋና ምስክር አድርጌ የምጠራውም የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር አፍርሶ እንደገና የሚጠቀልለውን ባለሙያ ነው።

ስሕተቱ በከፊል ከቋንቋችን ይመጣል። በዕለት ንግግራችን «ኃይል» የምንለው ቃል መግፋትንም፣ ፍጥነት የተጨመረበትን ሥራም፣ ባትሪ ውስጥ የተጠራቀመውንም ያጠቃልላል። ብረት አንሥቶ የያዘ ማግኔትም፣ እህል የሚፈጭ ሞተርም «ኃይለኛ» ናቸው። ለሞተር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» ስል መሳቡንና መግፋቱን፣ «ኃይል» ስል በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ ማለቴ ነው፤ የሚለካውም በዋት ነው።

የትልቁ ጥቅል ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ መታወቅ አለበት። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ እንውሰድና አንዱ ዙር 60 ሴንቲ ሜትር ይፍጅ እንበል። 100 ዙር ስንጠቀልል 60 ሜትር ሽቦ፣ 270 ግራም ገደማ መዳብ ይሄዳል፤ ተቃውሞው ሁለት ኦም ያህል ይሆናል። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ስድስት አምፔር ይስባል። ስድስቱን አምፔር በ100 ዙር ብናባዛ 600 አምፔር ዙር እናገኛለን፤ የማግኔቱን ጉልበት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ከባትሪው የሚወጣው 72 ዋት ነው።

አሁን በዚያው ሽቦ 400 ዙር እንጠቅልል። መዳቡ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፣ ተቃውሞው ስምንት ኦም ይሆናል፣ አምፔሩ ወደ አንድ ከግማሽ ይወርዳል። 1.5 በ400 ሲባዛ ግን ያው 600 ነው። የማግኔቱ ጉልበት አልተነካም፤ ከባትሪው የሚወጣው ግን ከ72 ወደ 18 ዋት ወርዷል። ይህን በገዛ ሜትሩ ያየ ወጣት «በሩብ ወጪ ያንኑ አገኘሁ» ቢል አልፈርድበትም። ልኬቱ ትክክል ነው። ለመያዝ ብቻ የተሠራ ማግኔት ቢሆን ኖሮ ድምዳሜውም ትክክል በሆነ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ መዳብ ማብዛት በእርግጥ ብክነት ይቀንሳል።

ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ መዞር ሲጀምር ነው። በማግኔት መስክ ውስጥ የሚዞር ጥቅል ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያም ከባትሪው በተቃራኒ ይገፋል። ዙሩ አራት እጥፍ ሲሆን ይህ ተቃራኒ ቮልቴጅም በዚያው ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር ሞተሩ 12 ቮልቱን ለመተካከል የቀድሞው ፍጥነት ሩብ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም። መነሻ ጉልበቱ እንደ ድሮው ነው፣ ፍጥነቱ ግን ሩብ ሆኗል፤ ኃይል ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። ሰበቃንና ሌላውን ብክነት ሁሉ ብንተው እንኳ ባለ 100 ዙሩ ሞተር ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 18 ዋት ሲሆን ባለ 400 ዙሩ 4.5 ዋት ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለማይጥመው ሰው ጄሪካን እናንጠልጥል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ውሃ ሞልቶ፣ በገመድና በመዘውር ሁለት ሜትር ከሠላሳ ከፍ ለማድረግ 450 ጁል ያህል ሥራ ይፈልጋል። ትንሹ ጥቅል፣ የጥርስ ማርሹ በልኩ ከተመረጠለት፣ በ25 ሰከንድ ያወጣዋል። እንስራ የሚያህለው ጥቅል 100 ሰከንድ ይፈጅበታል። ተመልካቹ ያደነቀው ሁለተኛውን ነበር።

ወደ ምስክሬ ልምጣ። የወፍጮ ቤት ሞተር ተቃጥሎ ሲመጣለት የሞተር ጥቅለላ ባለሙያ ከማፍረሱ በፊት ያነባል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቮልት፣ አምፔርና የደቂቃ ዙር ይገለብጣል። የትኛው ጥቅል ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ በወረቀት ይስላል። ከዚያ የጥቅሎቹን ራስ በመሮ ቆርጦ ያወጣል፤ ከመካከላቸው የተሻለውን ለይቶ ዙሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የሽቦውን ውፍረት ሽፋኑን አንሥቶ በማይክሮሜትር ይለካል። የወጣውንም መዳብ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ አዲሱ ሽቦ የሚገዛው በኪሎ ነውና። በቅርጹ ልክ ጠቅልሎ፣ መከላከያ ወረቀት አልብሶ፣ ሽቦውን በሞተሩ ብረት ላይ ወዳለው ጎድጓድ ካስገባ በኋላ ያስረዋል፤ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፣ ያደርቀዋል።

ይህ ሰው አንድ ሞተር ከ110 ቮልት ወደ 220 እንዲለውጥ ቢጠየቅ ምን ያደርጋል? (ሞተሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የ60 ኸርዙን ወደ 50 መለወጥ ሌላ ስሌት ነው።) ዙሩን ሁለት እጥፍ ያደርጋል፤ የሽቦውን የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል። ጎድጓዱ አይሰፋምና ወፍራሙን ሽቦ ሁለት እጥፍ ዙር ልክተትህ ቢለው አይገባለትም። ሲጨርስ ሚዛኑ ላይ የሚያየው የመዳብ ክብደት ከበፊቱ ጋር እኩል ነው፤ የሞተሩም የፈረስ ጉልበት እንደነበረ ነው። ዙር እጥፍ ሆነ፣ ኃይል አልጨመረም። ይህን መቼም «አምፔር ዙር» ብሎ ላይጽፈው ይችላል፤ ግን ሚዛኑ ይነግረዋል። የኮከብና የዴልታ አያያዝ የሚባለውም ያንኑ ይመሰክራል፤ አንዱ ሞተር ያለ አንዲት ተጨማሪ ዙር፣ አያያዙ ብቻ ተለውጦ፣ በ220ም በ380ም ቮልት ያንኑ ኃይል ይሰጣል።

«ጥቅለላ ጥገና እንጂ ሳይንስ አይደለም» የሚሉ ምሁራንም በዚህ ላይ ቆም ሊሉ ይገባል። ሳይንስ መለካትና ልኩን ከንድፈ ሐሳብ ጋር ማነጻጸር ከሆነ፣ ከአውደ ርዕዩ ጠረጴዛ ይልቅ የጥቅለላው ጠረጴዛ ይቀርበዋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳተመው ሥራ ዋና ነጥብ ይኸው ነበር። ምንጩ አንድ የባትሪ ሕዋስ ብቻ ከሆነ ብዙ አጫጭር ጥቅሎችን ጎን ለጎን ማያያዝ፣ ምንጩ የተደረደሩ ብዙ ሕዋሳት ከሆነ አንድ ረጅም ጥቅል መጠቀም እንደሚሻል አሳየ። በዚያው ዓመት ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አንሥቷል። ምሥጢሩ ጥቅሉን ከምንጩ ጋር ማስማማቱ ላይ ነበር።

ከማንቸስተር አጠገብ የነበረው የጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል ደግሞ እንደዛሬዎቹ ወጣቶች በተስፋ ነው የጀመረው። ሞተር እየሠራ፣ ጥቅሉን እየለዋወጠ፣ የማግኔት ኃይል የእንፋሎትን ይተካል ብሎ ጠብቆ ነበር። ከዚያ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1841 የደረሰበት መደምደሚያ ለራሱም መራራ ነበር፤ ባትሪው ውስጥ የሚያልቀው አንድ ፓውንድ ዚንክ የሚሠራው ሥራ፣ የዘመኑ ምርጥ የእንፋሎት ሞተር በአንድ ፓውንድ ከሰል ከሚሠራው ሩብ እንኳ አይደርስም። ያ ሽንፈት ግን ከንቱ አልሆነም። በሽቦ ውስጥ የሚባክነውን ሙቀት የሚገልጸው ሕጉም፣ ሙቀትና ሥራ የሚመነዘሩበት ልክም ከዚያው የልኬት ልማድ ወጡ። ዛሬ የሥራ መለኪያችን በስሙ ይጠራል።

ሳይለኩ የቀጠሉም ነበሩ። ጆሴፍ ኒውማን የተባለው አሜሪካዊ እጅግ ግዙፍ ጥቅል ያለው ሞተር ሠርቶ፣ ከሚገባው የሚወጣው ይበልጣል አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ማሽኑን ፈትኖ፣ በሁሉም የፍተሻ ሁኔታ የወጣው ከገባው ያነሰ ሆኖ አገኘው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሁለት መቃወሚያዎች እንደሚቀርቡብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «በዐይናችን ያየነውስ?» የሚል ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር የተያያዘ ትልቅ ጥቅል በድንገት ሲቋረጥ በእርግጥ ብልጭታ ይተፋል፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊወጣው ይችላል። ይህ ግን በጥቅሉ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው፣ ባትሪው አስቀድሞ የከፈለው፣ በአጭር ቅጽበት ሲወጣ ነው። ቮልት ብቻውን ኃይል አይደለም። እንዲህ በሚቆራረጥ ጅረት ላይ ርካሽ መልቲሜትር የሚያሳየው ቁጥርም ሊያሳስት ይችላል። ጄሪካኑ ግን አያሳስትም።

ሁለተኛው «ከውጭ የመጣ ቀመር ለእኛ አገር አይሠራም» የሚል ነው። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከጎኗ ቆሟል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የሞተር ደረጃ የሚጽፈው ግን ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታና 40 ዲግሪ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀት ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጥቅል የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። በአንጻሩ የደጋው ብርድ ያካክሰዋል። የትኛው እንደሚያይል፣ ቫርኒሹ ስንት ዲግሪ እንደሚችል፣ መዳቡ በየዲግሪው ተቃውሞው 0.4 በመቶ ገደማ ሲጨምር ሞተሩ ምን እንደሚሆን ሊነግረን የሚችለው እዚሁ የተለካ ቁጥር ነው። ለደጋው የተለየ ስሌት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለደጋው የተለየ የተፈጥሮ ሕግ ግን የለም።

በመጨረሻ ጋፋት። ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገዱ እየተጠረገለት ወራት ፈጅቷል፤ የክብደቱ ዋጋ በሠራዊቱ ትከሻ ተከፍሏል። ስለዚህ ከጋፋት «ትልቅ ነገር ሥሩ» የሚለውን ትምህርት መውሰድ ግማሹን ብቻ መውሰድ ነው። ሌላው ግማሽ ይበልጥ ይጠቅማል። አጼ ቴዎድሮስ ያሠማሯቸው ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እያረሙ ነው የደረሱበት። ከጋፋት የምንወርሰው ይህን ልማድ ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ ሞተር የምትጠቀልለው ወንድሜ፣ የምትጠቀልዪው እኅቴ፣ መዳብ ውድ ነውና ሌላ 100 ዙር ከመጨመራችሁ በፊት ጄሪካን አንጠልጥላችሁ ሰከንዱን ቁጠሩ። ከባትሪው የወጣውን፣ ጄሪካኑ የወጣበትን ከፍታና የፈጀበትን ጊዜ በአንድ ደብተር ጻፉ። ደብተሩን ይዛችሁ ከተማችሁ ወዳለው የጥቅለላ ሱቅ ጎራ በሉ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ። እናንተም መምህራን፣ ልጆቹ ሲመጡላችሁ የጥቅሉን መጠን ትታችሁ ደብተሩን ጠይቁ። ደብተር የሌለው ትልቅ ጥቅል ኪሎ መዳብ ብቻ ነው።