ቅናት ብቻ ነውን?

ተማሪዎች፣ «ኦቴሎ» የተባለውን ቴአትር ያነበበ ወይም በመድረክ ያየ ሰው የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ «ቅናት ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። በእኔ አስተያየት ቅናት እሳቱ ነው፤ እሳቱ የነደደበት ማገዶ ግን የዘር ንቀት ነው።

ዊልያም ሼክስፒር ከ400 ዓመታት በፊት የደረሰውን ይህን ቴአትር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ኦቴሎ የቬኒስ መንግሥት ከቱርኮች ጋር ለሚያደርገው ጦርነት የሚተማመንበት ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። ብራባንሽዮ የተባለው የምክር ቤት አባል ደጋግሞ ወደ ቤቱ ይጋብዘዋል፤ የጀብዱ ታሪኩንም እያስወራ ያዳምጠዋል። ልጁ ዴዝዴሞና ኦቴሎን ወድዳ ባገባችው ጊዜ ግን ያ ወዳጅነት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። አባትየው ልጁ በፈቃዷ ጥቁር ሰው ትወድዳለች ብሎ ማመን ስላልቻለ፣ ኦቴሎን «በአስማትና በመድኃኒት አፈዘዛት» ሲል ይከሰዋል።

ይህ የሩቅ ሀገር ታሪክ ነው ብላችሁ አትለፉት። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ገበያ ስትወጡ ገበሬው የሚገዛውን ማረሻ፣ እናቶች እያንኳኩ የሚመርጡትን ምጣድ ተመልከቱ። ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ፣ ያለ ሸክላ ሠሪዋም ምጣድ አይገኝም። ሆኖም በሀገራችን በብዙ ቦታ እነዚህ ባለሙያዎች «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ቢያስነግሩም፣ ልማዱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህኛው የሚለያየው የቆዳ ቀለም ሳይሆን ሙያና የዘር ሐረግ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። የሰውን እጅ እየፈለጉ ዝምድናውን መጸየፍ፣ ምክንያት ሲታጣም አስማተኛ ነው ብሎ መክሰስ፣ የብራባንሽዮ ጠባይ ይኸው ነው።

«ኢያጎ ኦቴሎን የጠላው ሹመት ስለ ነፈገው እንጂ ስለ ጥቁረቱ አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። በርግጥ ምክትልነቱ ለካሲዮ በመሰጠቱ ኢያጎ ቂም ይዟል። ይሁን እንጂ ቂመኛ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ኢያጎም መሣሪያውን ራሱ አልሠራውም፤ በቬኒስ ሰዎች ልብ ውስጥ ተዘጋጅቶ አገኘው። በመጀመሪያው ትዕይንት ሰዎች ስለ ኦቴሎ ብዙ ሲናገሩ አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ እንደማይጠሩት ልብ በሉ። ኋላም ኢያጎ፣ ዴዝዴሞና የሀገሯንና የመልኳን ሰው ትታ ኦቴሎን መምረጧ ጤናማ እንዳልሆነ ሲያንሾካሹክለት፣ ጀግናው ስድቡን አይመልስም። «ጥቁር በመሆኔ ይሆን?» እያለ ራሱን በናቂዎቹ ዐይን መመልከት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አንዲት መሐረብ ለማስረጃነት በቃች። ንጽሕት ሚስቱን በእጁ ገደለ፤ እውነቱ ሲገለጥም ራሱን አጠፋ።

የንቀት ትልቁ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ናቂው ሲሳደብ ያቆስላል፤ የተናቀው ስድቡን አምኖ ሲቀበል ግን ሕይወት ይጠፋል። እንግዲህ በክፍላችሁ ለአንድ ልጅ በወላጆቹ ሙያ ወይም በዘሩ ቅጽል ስም ሲወጣለት ሰምታችሁ ዝም ብትሉ፣ ለኢያጎ መሣሪያ ማቀበላችሁ መሆኑን አትርሱ። ልጁን በስሙ ጥሩት።