ወተቱ ነው ወይስ ዓይን?



በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በስሙ ሳንጠራው የምናልፈውን ችግር ነው። ይኸውም ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ወተት ጠጥተው ሆዳቸው ሲነፋና ሲያስቀምጣቸው ምን ማለት እንደሆነ፣ ምንስ ማድረግ እንደሚገባ ነው።

ነገሩን ከአንድ ገጠመኝ ልጀምር። አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ቁርኣን የማስቀራቸውን ልጆች ሸኝቼ ገና ሳልቀመጥ፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከነእናቱ መጡ። «ኡስታዝ ልጄ፣ እስቲ ቅራበት። ዓይን ነክቶታል» አሉኝ። ልጁ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ፊቱ ግን ከስቷል። እናቱ እንደነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። ትውከቱ ቆመ፤ ተቅማጡ ግን አለቀቀውም። በተለይ የላም ወተት ከጠጣ ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ይጮሃል፣ ይነፋል፣ ከዚያም እንደ ውሃ ያስቀምጠዋል።

ከሕመሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ በመፍትሔ ስም የተደረገው ነበር። «ጡትሽ ተበላሽቶ ነው» ተብላ ጡት ካስጣለችው ስምንት ቀን ሆኖታል። ምግቡም «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ የሩዝ ውሃ ብቻ ሆኗል። ይባስ ብሎ በማግስቱ ጠዋት «ግግ» ለማስወጣት ቀጠሮ ተይዞለታል። ግግ የሚባለው ገና ከድድ ሥር ያለ የወተት ጥርስ ነው። እሱን ፈንቅሎ ማውጣት ተቅማጥን አያቆምም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስለትን ያመጣል፣ ለልጁም ሕይወት አስጊ ነው።

ቀራሁበት፤ ዱዓም አደረግን። ቀጠሮውን እንዲተዉት አጥብቄ ለመንኳቸው፤ ተስማሙ። ነገር ግን እኔም አንድ ስሕተት ጨመርኩ። «ምናልባት የላም ወተት ከብዶት ይሆናል፤ የፍየል ሞክሩለት» አልኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ብሶበት አገኘሁት። በዚያው ዕለት አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ይህን ዓምድ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እዚያ የተማርኩት ነው።

የወተት ስኳርና የአንጀት ሥራ

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህ ስኳር እንዳለ ወደ ደም አይገባም። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርትና ላክቶስን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰውነት የሚጠቀምበት። ላክቴዝ ካነሰ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያም ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። መብላላቱ አየርና አሲድ ይፈጥራል። ሆዱ የሚነፋው፣ የሚጮኸውና የሚቆርጠው፣ ሰገራው የሚቀጥነው፣ አረፋ የሚያወጣው፣ የሚኮመጥጠውና የልጁን መቀመጫ የሚያቀላው በዚህ ምክንያት ነው።

ላክቴዝ የሚቀንስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከውልደት ጀምሮ ፈጽሞ የሌለ ሲሆን ነው። ይህ እጅግ ብርቅ ነው፤ የሚታወቀውም ጨቅላው የእናቱን ጡት መጥባት በጀመረበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ሁለተኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ነው። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ በሚሆነው ሰው ላይ ላክቴዝ ከሕፃንነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህ በዘር የሚወሰን እንጂ በሽታ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ፣ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከብት አርቢ የሆኑ ብዙ ሰዎች ከአውሮፓውያኑ የተለየ የዘር ለውጥ ስላላቸው ካደጉ በኋላም ወተትን ያለችግር ይፈጩታል። ስለዚህ አንዱ ቤት ወተት እንደ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ቤት ሆዱን ቢያመው የሚያሳፍር ነገር የለውም። ልብ በሉ! ይህ ዓይነቱ ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በፊት እምብዛም አይታይም። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ወተት ሲከብደው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ያም ምክንያት ሦስተኛው ነው፤ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። የአንጀት ግድግዳ እንደ ምንጣፍ ፀጉር ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ላክቴዝ የሚገኘው በጣቶቹ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ሮታ ቫይረስ ያለ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ፣ ጃርዲያ ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ሲመጣ ጫፎቹ ይጎዳሉ። ተቅማጡ ቢበርድም እነሱ እስኪያገግሙ ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ይወስዳል። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ነገር ይህ ነበር።

የፍየሉ ወተት ለምን አልረዳውም?

የፍየልም ሆነ የግመል ወተት ከላም ወተት ብዙ የማይርቅ የላክቶስ መጠን ስላለው ነው። የዱቄት ወተትም ያው ነው። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ስኳሩን አያጠፋም። በእርጎ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን አስቀድመው ስለሚበሉትና የቀረውንም ለመፍጨት ስለሚያግዙ ለብዙ ልጆች ይቀላል። በአይብም ላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። በንጥር ቅቤ ውስጥ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። እናቶቻችን ወተትን ሲያረጉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም።

እንዴት እንለየው?

ነርሷ እናቲቱን የጠየቀቻት ጥያቄዎች ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማሉ። መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ተቅማጥ ይዞት ነበር? ወተት ከጠጣ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው? ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ትንሽ ሲጠጣና ብዙ ሲጠጣ ልዩነት አለው? እርጎ ሲበላስ? የልጁን ምግብና የሰገራውን ሁኔታ ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቦ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን አናምታታ። የወተት አለርጂ ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው ከስኳሩ ሳይሆን ከወተቱ ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ ትውከት፣ ሲርሲር የሚል ትንፋሽ ወይም ደም ያለበት ሰገራ ካለ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ላክቶስ የማይስማማው ልጅ ጥቂት ወተት ሊችል ይችላል። አለርጂ ያለበትን ግን ጥቂቷም፣ እርጎውም፣ የፍየሉም ወተት ሊጎዳው ስለሚችል በቤት ውስጥ ሙከራ ሳይደረግ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት የእናት ጡት አይቋረጥ! የእናት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ ሆኖም ሕፃኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚጠባው አብዛኞቹ ልጆች ይችሉታል። ከበሽታ የሚጠብቅ ንጥረ ነገርም በውስጡ አለ። የተሟላ ጡት ማጥባት ሁለት ዓመት መሆኑን ሱረቱል በቀራህ በ233ኛው አንቀጽ ያስተምረናል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል። ያቺ እናት ያንኑ ምሽት ልጇን ጡቷ ላይ መለሰችው። ከስምንት ቀን መቋረጥ በኋላ ወተቱ ቀንሶ ነበር፤ ደጋግሞ ሲጠባ ግን ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ልጁ አይራብ። የተራበ አንጀት አያገግምም። የላም ወተት ይጠጣ የነበረውን በእርጎ መተካት፣ ወይም ወተቱን በግማሽ ቀንሶ የቀረውን ለስላሳ በሆነ ገንቢ ምግብ መተካት ይቻላል። እርጎው ከፈላ ወተት የተዘጋጀ ይሁን፤ ያልፈላ ወተት ሌላ በሽታ ያመጣል። በወተት ፋንታ በውሃ የተሠራ የጤፍ ወይም የአጃ ገንፎ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ እንቁላል፣ የምስርና የሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንችና ሙዝ ጥሩ ነው። ለአጥንቱ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከጤፍ፣ በደንብ ከበሰለ ጎመንና ከተፈጨ ሰሊጥም ይገኛል። በጠዋት ፀሐይ ማሞቁንም አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ተቅማጡ እስካለ ድረስ የወጣውን ውሃ እንተካ። አንዱን የኦ.አር.ኤስ. እሽግ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጠን፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ እንስጥ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ጤና ባለሙያ የሚያዝዘው የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ሳይቋረጥ ይለቅ።

አራተኛ፣ ወደ ወተት መመለስን አንርሳ። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ደህና ከሆነ፣ ከምግብ ጋር በግማሽ የቡና ሲኒ ወተት እንጀምር። በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እያየን ጥቂት በጥቂት እንጨምር። ሆዱ ከተመለሰበት መጠኑን ቀንሶ ቆይቶ መሞከር ነው። በአረብ አገርና በአውሮፓ የምትኖሩ እህቶች ላክቶስ የሌለው ወተት በየሱቁ ታገኛላችሁ፤ አገር ቤት ግን እርጎው ይበቃል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ካነሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳት ካለው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ምንም እንኳ ልጁ እየተጫወተ ቢሆን፣ 14 ቀን የሞላው ተቅማጥ በባለሙያ መታየት አለበት። መከላከሉም ይቻላል፤ የሮታ ቫይረስ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል። እጅን በሳሙና መታጠብም ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ዓይንስ?

አሮጊቷ በጤና ጣቢያው በር ላይ «ታዲያ ዓይን የለም ነው የምትሉኝ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እማማ፣ ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ የመጣ ነው፤ ሩቅያም አይቀርም። ነገር ግን ሩቅያ ሕክምናን አያስቀርም። ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ያለ ሰው ትእዛዙን አልፈጸመም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔ እኮ ወተት የአላህ ጸጋ ነው፣ እንዴት ይጎዳዋል ብዬ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሱረቱ ነሕል ወተትን ከአላህ ጸጋዎች መካከል አንስቶታል። ጾምም ታላቅ ዒባዳ ነው፤ የታመመ ሰው ግን እስኪድን ይፈቀድለትና በኋላ ቀዳ ያወጣል። ለዚህ ልጅም ወተቱ አልተከለከለም፤ እስኪድን ተላለፈለት እንጂ።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ በአምስተኛው ቀን ለክትትል ሲመለስ ተቅማጡ ቀንሶ ነበር። በወሩ ከግማሽ ሲኒ ተነስቶ ዛሬ ወተቱን እንደ እኩዮቹ ይጠጣል። ጥርሱም በጊዜው ወጣ፤ ማንም ሳይነካው።

እናቶችና አባቶች ሆይ! የልጃችን ሆድ ሲናገር እንስማው። ዱዓችንን እናድርግ፣ ሰበቡንም እናድርስ፤ ጡቱንና ምግቡን ግን አንንፈገው።

ወሏሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።